በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ስለሚያድነው ዓሣና ስለ ማታለያው ታሪክ

መረብ የዓሣውን አሳብ አይጠይቅም። ወደ ውሃው ይጣላል፥ ይጐተታል፥ በውስጡም የተገኘው ሁሉ ወዶም ሆነ ሳይወድ ይወጣል። መንጠቆ ግን እንዲህ አይደለም፤ ዓሣው ራሱ አፉን ከፍቶ ካልወሰደው ከንቱ ብረት ነው። ሐዋርያት በገሊላ ባሕር ሲሠሩበት የነበረው መሣሪያ መረብ እንደ ሆነ በወንጌል የታወቀ ነው፤ የመንጠቆ ነገር የተነሣው ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ግብሩ ገንዘብ ወደ ባሕር ሄዶ መንጠቆ ይጥል ዘንድ በታዘዘበት በአንድ ስፍራ ብቻ ነው። በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው እንግዲህ ከመረበኛው ይልቅ አንድ ተጨማሪ ዕውቀት ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ዓሣው በምን እንደሚያይ፥ በምን እንደሚሰማ፥ ምንስ እንደሚያስጐመጀው መመርመር ነው።

ይህ ዕውቀት ምን ያህል ቀስ ብሎ እንደ ተገኘ የሚያሳየው፥ የሰሜን አሜሪካ ሰዎች ባስ የተባለውን ዓሣ በላባ፥ በእንጨትና በነሐስ እያታለሉ ለመያዝ የደከሙበት ታሪክ ነው። ከጥያቄዎቻቸውም ሁሉ የከበደው፥ ወንዙ ሞልቶ ውሃው በደፈረሰ ጊዜ የትኛው ማታለያ ይጣል የሚለው ነበረ። (ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባስ የሚባለው ዓሣ ብዙ ዓይነት አለው፤ እዚህ የሚነገረው አፈ ሰፊ ስለሚባለው ነው። አፉን በዘጋ ጊዜ መንጋጋው ከዓይኑ ኋላ አልፎ ይታያልና ይህ ስም ለአካሉ የተገባ ነው። ጀርባው አረንጓዴ፥ ሆዱ ነጣ ያለ፥ በጐኑም ርዝመት ጠቈር ያለ ጥለት የተዘረጋበት ነው። የሳይንስ ስሙ ግን እንደዚህ የተገባ አይደለም። ፈረንሳዊው ሊቅ ላሴፔድ በ1802 ለዚህ ወገን «ማይክሮፕቴሩስ» የሚል ስም አወጣ፤ ትርጓሜውም «ትንሽ ክንፍ» ማለት ነው። ሊቁ ያየው የጀርባ ክንፉ የተቀደደበትን አንድ የቅርብ ዘመዱን ዓሣ ስለ ነበረ፥ የአንዱ ዓሣ ጕዳት ለወገኑ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ይህ ዓሣ ከአሳዳጅነት ይልቅ አድፋጭነት ይስማማዋል። በወደቀ ግንድ ሥር፥ በሣር መካከል፥ በድንጋይ ጥግ ጸጥ ብሎ ይቆይና፥ ትንሽ ዓሣ ወይም እንቁራሪት በአጠገቡ ሲያልፍ ሰፊውን አፉን በድንገት ከፍቶ ከነውሃው ይስበዋል። ዝናም በርትቶ ወንዙ ከአፉ ሲያልፍ ግን ስፍራውን ይለቃል። ከኀይለኛው መካከለኛ ፈሳሽ ሸሽቶ፥ ትናንት ደረቅ የነበረውንና ዛሬ ውሃ ያጥለቀለቀውን ቍጥቋጦ ተጠግቶ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜም ጥልቀቱ ከሰው ጕልበት በማይበልጥ ውሃ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ በሙላት ጊዜ የአጥማጁ ችግር እጥፍ ነው። ውሃው ስለ ሰፋ ዓሣው የት እንዳለ አይታወቅም፤ ውሃው ስለ ደፈረሰም ዓሣው የተጣለለትን አያይም።

ስለዚህ ዓሣ ማታለያ ከተጻፉት ጥንታውያን ወሬዎች አንዱ የዊሊያም ባርትራም ነው። ባርትራም የፊላዴልፊያ ሰውና የዕፅዋት ሊቅ ነበረ፤ ከ1773 እስከ 1777 በደቡባዊው አሜሪካ፥ በጆርጂያና በፍሎሪዳ ዞሮ ያየውን በ1791 በመጽሐፍ አሳተመ። ባስን እርሱ «ትራውት» እያለ ይጠራዋል፤ በደቡብ አገር ይህ አጠራር ልማድ ነበረ። እንደ ጻፈው ሁለት ሰዎች በትንሽ ታንኳ ይቀመጣሉ። አንዱ ከኋላ ሆኖ ያለ ድምፅ በዳርቻው ሣር አጠገብ ይቀዝፋል፤ ሁለተኛው ከፊት ሆኖ ርዝመቱ ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሁለት ጫማ የሚሆን ዘንግ ይይዛል። በአጭሩ ገመድ ጫፍ ላይ ሦስት ትልልቅ መንጠቆዎች ጀርባ ለጀርባ ታስረው፥ በሚዳቋ ጅራት ነጭ ጠጕር፥ በቀይ ጨርቅ ቍራጭና በዝንጕርጕር ላባ ተሸፍነዋል። ይህን እንደ ሰው ጡጫ የሚያህል ነገር በውሃው ፊት ላይ ነካ ነካ እያደረገ ያስዘልለዋል፤ ዓሣውም ከሣሩ ውስጥ ተወርውሮ ይይዘዋል። የዚህ ማታለያ መልክ ከማንኛውም ሕያው ፍጥረት ጋራ እንደማይመሳሰል ማስተዋል ያስፈልጋል። ትልቅ ነው፥ ውሃውን ይመታል፥ ቀይ አለበት፥ የሚጣለውም ከዓሣው መሸሸጊያ አጠገብ ነው። ኋላ የመጡት ፋብሪካዎች ይህን መዘንጋታቸው የሚያሳዝን ነው፤ በድፍርስ ውሃ ጊዜ የሚያስፈልገው ነገር ከሞላ ጐደል በዚህ ውስጥ ተሰብስቦ ነበርና።

ከባርትራም በኋላ ያለው ዘመን የብረትና የእንጨት ነው። በኬንታኪ የነበሩ ሰዓት ሠሪዎች በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም ጥርስ ያለው የገመድ መጠቅለያ መንኰራኵር ስለ ሠሩ፥ አጥማጁ ማታለያውን ከቆመበት አርቆ ለመወርወር ቻለ። ጁልዮ ብዩኤል የተባለ ሰው በቨርሞንት በቦሞሲን ሐይቅ ላይ ሳለ የሚበላበትን ማንኪያ ወደ ውሃ ጣለ፤ ማንኪያውም እየተንቀለቀለ ሲሰጥም አንድ ዓሣ መጥቶ ወሰደው ይባላል። ወሬው እውነት ቢሆንም ባይሆንም፥ ብዩኤል በ1852 ስለ ማንኪያ ማታለያው ከመንግሥት የፈጠራ መብት መቀበሉ የተረጋገጠ ነው።

በሚሺጋን ግዛት በዶዋጂያክ ከተማ የነበረው ጄምስ ሄደን ደግሞ በመጀመሪያ ስሙ የተጠራው በዓሣ ሳይሆን በንብ ነው። ንብ አርቢ ነበረ፤ አዲስ ዓይነት ቀፎም አውጥቷል። በወፍጮው ኵሬ ዳር ተቀምጦ ወዳጁን ሲጠብቅ በእጁ ሲጠርበው የቆየውን እንጨት ወደ ውሃው ቢወረውር አንድ ባስ ዘልሎ መታው፤ ከዚህ በኋላ በ1898 ገደማ ከእንጨት እንቁራሪት ይቀርጽ ጀመረ ተብሎ ይተረካል። ከልጆቹ ጋራ ያቋቋመው ፋብሪካም በአሜሪካ ካሉት የእንጨት ማታለያ ሠሪዎች ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ።

እነዚህ የእንጨት ዓሦች ዛሬ በሰብሳቢዎች ቤት እንደ ጌጥ ተቀምጠው ይታያሉ፤ ማማራቸውም አይካድም። ቀለሙ በንብር በንብር ተቀብቷል፥ ቅርፊቱ አንድ በአንድ ተሥሏል፥ ከብርጭቆ የተሠራ ዓይንም ተገጥሞለታል። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ድካም ለማን ዓይን ነበረ? በሱቅ ውስጥ በመስተዋት በኩል ለሚያየው ገዢ ነው እንጂ፥ ቡና በመሰለ ውሃ ውስጥ ላደፈጠው ዓሣ የብርጭቆው ዓይን ምንም አይጠቅመውም ነበረ።

ውሃውም ቡና እየመሰለ የሄደበት ምክንያት አለ። እንደ ሚዙሪ ያሉት ወንዞች ነጮች ሳይደርሱባቸውም ድፍርስ ነበሩ። ነገር ግን ከቨርጂኒያ እስከ አላባማ ባለው ኰረብታማ አገር ጫካው ተመንጥሮ፥ ተዳፋቱ ለጥጥና ለትንባሆ ከዓመት ወደ ዓመት እየታረሰ ሲኖር፥ ቀዩ አፈር ዝናም በዘነመ ቍጥር ወደ ወንዝ ይወርድ ጀመረ። በሰሜን ካሮላይና የጥጥ እርሻ ላይ ያደገው ሂዩ ቤኔት ይህን ጥፋት አይቶ ዕድሜውን በሙሉ ስለ አፈር ጮኸ። በ1935 ጸደይ ከምዕራብ የተነሣው አቧራ እስከ ዋሽንግተን ድረስ መጥቶ ሰማዩን ባጠቈረ ጊዜ፥ ጩኸቱ በምክር ቤቱ ተሰማለትና በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የአፈር ጥበቃ ሕግ ወጣ። የዐባይን ውሃ በነሐሴ ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ነገር ለመረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ የጐጃምና የወሎ አፈር በሱዳን በሮሴሬስ ግድብ ውስጥ ተከማችቶ ይገኛልና። እንግዲህ አጥማጁ በድፍርስ ውሃ ላይ ያጕረመረመበት ነገር፥ ብዙውን ጊዜ ከገበሬው ሞፈር የወረደ ነበረ።

ከገበሬዎቹም አንዱ ጆርጅ ፔሪ ነው። በጆርጂያ ግዛት የሚኖር ወጣትና ድኻ ነበረ፤ አባቱ ሞቶ የቤተ ሰቡ ሸክም በእርሱ ላይ ወድቆ ነበር። ሰኔ 2 ቀን 1932 ዝናም ስለ ዘነመና መሬቱ ለማረስ ስለማይመች ከወዳጁ ጋራ ወደ ሞንትጎመሪ ሐይቅ ሄደ። ይህ ሐይቅ የኦክመልጊ ወንዝ አካሄዱን ሲለውጥ ከጐኑ ጥሎት የሄደው ውሃ ነው። የነበራቸው ማታለያ አንድ ብቻ ነው ይባላል፤ እርሱም ክሪክ ቸብ የተባለው የኢንዲያና ፋብሪካ የሠራው የእንጨት ዓሣ ነው። የዚያ ፋብሪካ ሥራ የታወቀበት ነገር በማታለያው አገጭ ሥር የሚገጠመው የብረት ምላስ ነበረ፤ ሲጐተት ውሃው ምላሱን እየገፋ እንጨቱን ግራና ቀኝ ያንቀጠቅጠዋል። ፔሪ በዚያ ቀን ያወጣው ዓሣ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ መዘነ፤ ይህም ከ10 ኪሎ ግራም ጥቂት ይበልጣል። ከተመዘነ በኋላ ቤተ ሰቡ በሉት። ክብረ ወሰኑ ግን እስከ 2009 ድረስ ብቻውን ቆየ፤ በዚያ ዓመት በጃፓን በቢዋ ሐይቅ የተያዘ አንድ ባስ ተስተካከለው። ማታለያ በመምረጥ ስለ መራቀቅ ለሚመኩ ሰዎች የዚህ የአንድ ማታለያ ባለቤት ነገር ደስ የሚያሰኝ ወሬ አይደለም።

ከፔሪ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአሜሪካ ወንዞች መልካቸውን ለወጡ። የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1933 ተቋቁሞ በክሊንች ወንዝ ላይ የኖሪስን ግድብ መሥራት ጀመረ፤ ሥራውም በ1936 ተፈጸመ። ግድቡ ለሚያቆመው ውሃ ስፍራ ለመልቀቅ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ቤተ ሰቦች ከርስታቸው ተነሡ። ከውሃው በታች ከሚቀሩትና መንገዳቸው ከሚቋረጠው የመቃብር ስፍራዎችም ከአምስት ሺህ የሚበልጡ ሙታን ዐፅማቸው ተቈፍሮ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። ስለ ኤሌክትሪክ ብርሃንና ስለ ጐርፍ መከላከል የተጻፈው ብዙ ነው፤ የአባቶቹን ዐፅም ተሸክሞ ስለ ሄደው ገበሬ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ግድብና ከእርሱ በኋላ በደቡብ አገር በተሠሩት ሌሎች ግድቦች ሐይቅ ውስጥ፥ የሰጠሙት ዛፎችና አጥሮች ለባስ መሸሸጊያ ሆኑለት፤ ዓሣውም በዛ። ሐይቆቹ በክረምት ማብቂያና በጸደይ በዝናም ሲሞሉ ውሃው በቍጥቋጦው ላይ ይወጣል፥ ይደፈርሳልም። ቀድሞ በአንዳንድ ወንዝ ዳር የነበረው ጥያቄ በዚህ የብዙ ሺህ አጥማጆች ጥያቄ ሆነ።

መልሱ ግን ከአጥማጆች አስቀድሞ በሊቃውንት ዘንድ እየተዘጋጀ ነበር። በዓሣ ሁሉ ጐን ላይ ከጕንጩ ኋላ እስከ ጅራቱ የሚሄድ፥ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሠራ መሥመር አለ። የጥንት መርማሪዎች ይህ መሥመር ዓሣው ገላውን የሚያለሰልስበት ልጋግ የሚወጣበት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጀርመናዊው ፍራንትስ ላይዲግ በ1850 የስሜት አካል መሆኑን ተናገረ፤ ምን እንደሚሰማበት ግን ገና ክርክር ነበረ። በ1923 ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው ሊቅ ዓይኑ የማያይ አንድ አምባዛ መሰል ዓሣ በገንዳ ውስጥ አኑሮ፥ ምግብ ሲሰጠው ያፏጭለት ጀመረ። ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ ዓሣው ምግብ ሳይቀርብለት ፉጨቱን ብቻ ሰምቶ ከመሸሸጊያው ይወጣ ነበር። ዓሣ ደንቈሮ ነው ሲሉ የነበሩ ብዙ ሊቃውንት በዚህ ዕውር ዓሣ ተረቱ።

ቀጥሎም ደች የሆነው ስቬን ዳይክግራፍ በ1934 የጐኑ መሥመር ሥራ ምን እንደ ሆነ በምርመራ አሳየ። ዓሣው በዚህ መሥመር በአጠገቡ የሚንቀሳቀሰው ነገር የሚገፋውን ውሃ ይሰማል፤ ሊቁም ይህን ከሩቅ የመዳሰስ ስሜት ብሎ ጠራው። በጨለማ ቤት ውስጥ ያለ ሰው በሩ ሲከፈት ነፋሱን በፊቱ ላይ እንደሚሰማው፥ ዓሣውም የሚያልፈውን ነገር በቆዳው ያውቀዋል። ድምፅ ደግሞ በውሃ ውስጥ በአየር ካለው ፍጥነት ከአራት እጅ በላይ ፈጥኖ ይሄዳል፤ ጭቃም አያግደውም። ስለዚህ ውሃው ሲደፈርስ ባስ ዓይኑ ቢደክምም ጆሮውና ጐኑ አይደክሙም። የሚቀረው ነገር ርቀቱ ማጠሩ ነው፤ በጥሩ ውሃ ከብዙ ክንድ አይቶ ይመጣ የነበረው አዳኝ፥ በድፍርስ ውሃ ከተጠጋበት ግንድ ብዙም ሳይርቅ ይጠብቃል።

አጥማጆቹ የሊቃውንቱን መጽሐፍ አንብበው ሳይሆን በባዶ ቅርጫት ተምረው ወደዚሁ ደረሱ። በኢንዲያና በሎጋንስፖርት ከተማ ሂልደብራንት የተባለ ሰው ከ1899 ጀምሮ በሽቦ ዙሪያ የሚሽከረከር የብረት ቅጠል ይሠራ ነበር። ከዚህ ዓይነት ሥራ የተወለደው ማታለያ፥ ቅጠሉ ከላይ መንጠቆውና የላስቲክ ጭራው ከታች ሆኖ፥ በቍጥቋጦ መካከል ሲጐተት ቶሎ የማይያዝ ነው። የቅጠሉ ቅርፅ ነገሩን ይወስነዋል። እንደ አኻያ ቅጠል የቀጠነው በጥሩ ውሃ ውስጥ ብልጭታው ይበዛል፤ ኮሎራዶ የሚሉት ክቡ ግን ሰፊ ዙር እየዞረ ውሃውን ይመታልና፥ ምቱ በዘንጉ በኩል እስከ አጥማጁ እጅ ድረስ ይሰማል። በሙላት ጊዜ ክቡ ይመረጣል፤ እርሱንም በቀስታ መጐተት ያስፈልጋል፤ የሰማው ዓሣ ፈልጎ እስኪያገኘው ድረስ ጊዜ ሊሰጠው ይገባልና።

በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ደግሞ በቴነሲ በኦክ ሪጅ የሚኖረው ፍሬድ ያንግ ባልሳ ከተባለው ቀላል እንጨት ሆዱ የሰፋ፥ ምላሱ አራት ማዕዘን የሆነ ማታለያ በእጁ ይቀርጽ ጀመረ፤ ስሙም «ቢግ ኦ» ተባለ። ይህ ወፍራም እንጨት ግንድን እየተጋጨ ዘወር ብሎ ያልፋል፥ ሲሄድም ሰውነቱን በኀይል ያወዛውዛል። የቀረጸው ቍጥር ጥቂት ስለ ነበረ በውድድር ቀን እንደ በቅሎ የሚከራዩት ሰዎች ነበሩ። ቍንጅና የለውም፤ በሄደን ፋብሪካ ከተሠሩት ጋራ በአንድ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ የሚያየው አይገኝም ነበረ፤ በደፈረሰ ውሃ ግን በለጣቸው። ኋላ የመጡ ሠሪዎች በፕላስቲክ ሆድ ውስጥ ጥቃቅን የብረት ፍሬ ጨምረው እንደ ጸናጽል የሚንሿሿ ማታለያ አወጡ። ኒክ ክሬም በ1949 በኦሃዮ በአክሮን ያወጣው የፕላስቲክ ትል ግን ለጥሩ ውሃ እጅግ ድንቅ ቢሆንም፥ ዝምታው በሙላት ጊዜ ይጐዳዋል።

የቀለም ነገር ብቻ ሳይቈረጥ ቀረ። ግማሾቹ በድፍርስ ውሃ ነጭ ይሻላል ይላሉ፤ ሌሎቹ እንደ ሎሚ ልጣጭ ያለውን ብጫ አረንጓዴ ያመሰግናሉ፤ ሌሎች ደግሞ ጥቍር ከሰማያዊ ጋራ ተዋሕዶ ሲገኝ ከሁሉ ይበልጣል ብለው ይመሰክራሉ። በ2019 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች ባሶችን በገንዳ ውስጥ አሠልጥነው፥ የትኛውን ቀለም ከየትኛው እንደሚለዩ ፈተኑአቸው። የዓሣው ዓይን ቀለም የሚቀበልባቸው ሕዋሳት ሁለት ዓይነት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ለአረንጓዴ፥ ሁለተኛው ለቀይ። ስለዚህ ቀይንና አረንጓዴን ፈጥነው ለዩ። ነጭን ከብጫ አረንጓዴ፥ ጥቍርንም ከሰማያዊ ለመለየት ግን ተቸገሩ።

ፈተናው የተደረገው በጠራ ውሃ ነው፤ በጭቃ ውስጥ ያለው ልዩነት ከዚህ ያነሰ እንጂ የበዛ ሊሆን አይችልም። ሱቆቹ ዛሬም ነጩንና ብጫውን ጐን ለጐን ሰቅለው ይሸጣሉ፤ ለሙላት ቀን የሚሰናዳ አጥማጅም ጥቍሩንና ሰማያዊውን በጥንቃቄ አመዛዝኖ አንዱን ይገዛል። ቍጥቋጦውን ተጠግቶ የቆመው ባስ ከሁለቱ በማንኛውም ቢሆን፥ ውሃው ሲገፋው በጐኑ ይሰማል፥ ከዚያም አንድ ጥቍር ጥላ ያያል።